አክስቴ ጋ ማን ያድራል?

«ልጄ ቤቴ ካደረች መንግሥት የሚከፍለኝ ገንዘብ ይቆረጣል ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?»

ለንደን ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየተጠጣ ይህን የጠየቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው ነው የሚጠይቁት። አንዷ ማታ ማታ የልጃቸውን ጫማ ከበር ላይ አንስተው አልጋ ሥር ይከታሉ። ጎረቤት አይቶ «ሰው አስገብተዋል» ብሎ እንዳይጠቁም ነው። ሌላዋ ልጃቸውን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን «በይ ሂጂ፣ አውቶቡስ ያመልጥሻል» ብለው ይሸኟትና እስኪነጋ ብቻቸውን ያድራሉ። መሬት ላይ ወድቀው የነጋባቸው ሌሊት አለ።

ይህ ፍርሃት ያናድደኛል። አብዛኛውን ጊዜ መሠረት የለውም። መሠረት ያለው ቦታም አለ፣ እሱንም እዚሁ እጽፈዋለሁ። ግን ሰው በወሬ ብቻ እናቱን ብቻዋን ሲያሳድር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እኔ ለዓመታት የሌሊት ኬረር፣ ማለትም አስታማሚ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ አክስቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ከልጆቻቸው ጋር ተራ ገብቼ አብሬያቸው አድራለሁ። አክስቴ አንድ መኝታ ቤት ባላት የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ፍላት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ተረኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። በሩ ገርበብ ይደረጋል፣ የኮሪደሩ መብራት አይጠፋም። ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሰማው የምርኩዛቸው ድምፅ ነው። ከዚያ «ተነሥተሻል እንዴ? አንቺ ተኝ» ይላሉ። ተኝቶ የሚቀር የለም። ግራ እጃቸው አይታዘዝም፣ ሽንት ቤት ደርሰው ልብሳቸውን ማስተካከል አይችሉም። ተመልሰው አልጋ ላይ እስኪጋደሙና እግራቸው በትራስ እስኪደገፍ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ይህ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሌሊት በእንግሊዝ ሕግ ዓይን ምን ይመስላል? (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የገንዘቡም ተመን ከኤፕሪል 2025 እስከ ኤፕሪል 2026 ያለው ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይለወጣል።)

መጀመሪያ አቴንዳንስ አላዋንስን እንያዝ። ከ1971 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው። የጡረታ ዕድሜ ደርሶ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት የሰው እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጣል። ገቢ አይታይም፣ ቁጠባ አይታይም። ቀን ብቻ ወይም ሌሊት ብቻ እርዳታ ለሚያስፈልገው በሳምንት 73.90 ፓውንድ ነው። ቀንም ሌሊትም ለሚያስፈልገው 110.40 ፓውንድ ነው። የጡረታ ዕድሜ ያልደረሰ ሰው የሚጠይቀው ፒፕ የሚባለውን የአካል ጉዳት ክፍያ ነው። ፒፕ ቀንና ሌሊትን አይለይም፣ ሃያ አራቱንም ሰዓት አንድ ላይ ነው የሚያየው። ስኮትላንድ ያላችሁ የክፍያዎቹ ስም ይለያል።

አቴንዳንስ አላዋንስ ላይ የሚመዘነው የሚያስፈልጋችሁ እርዳታ ነው። የምታገኙት እርዳታ አይደለም። ማንም የማያድርላቸው እናት «እኔ ማን አለኝና እጠይቃለሁ» ይላሉ። ሰው መቅጠር ግዴታ የለም፣ ገንዘቡን በምን እንዳዋላችሁም የሚጠይቃችሁ የለም። ልጃቸው የምታድርላቸው እናት ደግሞ «እሷ ስላለች አይሰጡኝም» ይላሉ። ልጅቷ በማደሯ አቴንዳንስ አላዋንስ አንድ ፔኒ አይቀነስም። እንዲያውም ሌሊቱን ያየ ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

የሌሊቱ መመዘኛ ምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ ወይም ደጋግሞ ከአካል ጋር የተያያዘ እርዳታ ማስፈለጉ ነው። አለዚያም አደጋ እንዳይደርስ ሌላ ሰው ነቅቶ መጠበቁ ነው። ክፍያውን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት መመሪያ «ደጋግሞ» ማለት በሌሊት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ «ረጅም» ማለት ደግሞ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ነቅቶ ለመጠበቅ ግን ሃያ ደቂቃ ወይም ሦስት ጊዜ ያህል መነሣት ይታያል። ሌሊት የሚባለውም የሰዓት ቁጥር ተቆርጦለት አይደለም። በ1974 ፍርድ ቤት እንዳለው ቤቱ ለመኝታ ከተዘጋ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ልብስ ማስወለቅ በቀኑ ውስጥ ይቆጠራል። ከተተኛ በኋላ ሽንት ቤት መነሣት የሌሊት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች በተለይ የሚጎዱበት ነገር አለ። አክስቴ መጀመሪያ ያመለከቱ ጊዜ ፎርሙን የሞላላቸው አንድ ደግ ሰው ነበር። «ስንት ሰዓት ላይ ይነሳሉ?» ሲላቸው «8 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ» አሉት። እሱም ልክ እንደሰማው ጻፈ። ፎርሙን ያነበበው እንግሊዛዊ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ብሎ ነው የተረዳው፤ ጠዋት መነሣት ደግሞ የማንም ሰው ወግ ነው። አክስቴ ያሉት ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 2 እና 4 ሰዓት። ዝቅተኛው ክፍያ ብቻ ተፈቀደላቸው። ልጃቸው ደብዳቤውን ይዛ መጥታ አብረን ፎርሙን ስናነብ ነው የገባን። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ ፎርም ስትሞሉ ሰዓቱን ደግማችሁ ጠይቁ። ሌሊት ነው ቀን በሉ፣ ከዚያ በፈረንጅ ሰዓት ጻፉት።

ሁለተኛው ጉዳይ «ይመስገን» ነው። ስልክ ተደውሎ እንዴት ነዎት ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ሌሊት ይነሳሉ? «አይ፣ ደህና ነው የማድረው»። እውነቱን እኮ ነው፣ ካደሩ ደህና አደሩ ማለት ነው። ግን ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ከሰርክ በኋላ ውኃ አይቀምሱም። ያች የሚወዷት የማታ ሻይ ቀርታለች። ብቻውን የሚኖር ሰው እርዳታ ስለሌለው የሚተወው ነገር ብዙ ነው። መታጠብ ይተዋል፣ አልጋ ትቶ ወንበር ላይ ያድራል። የተተወው ነገር ሁሉ ፎርሙ ላይ መግባት አለበት፣ ምክንያቱም የሚመዘነው በአግባቡ የሚያስፈልገው እርዳታ ነው። እኛ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። ያደረ ሰው ሰዓቱን፣ ምን እንደተደረገ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይጽፋል። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ጽሑፉ አይነበብም፣ ግን ይጽፋል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ።

ብቻውን የሚኖር አካል ጉዳተኛ በዚህ አገር ተጨማሪ ገንዘብ አለው። ከ1988 ጀምሮ ሲቪር ዲሰቢሊቲ ፕሪሚየም በሚል ስም የቆየ ነው። ለጡረተኞች ፔንሽን ክሬዲት (ገቢው ትንሽ ለሆነ ጡረተኛ የሚሰጥ ማሟያ) ውስጥ ተጨምሮ ይሰጣል። መጠኑ በሳምንት 82.90 ፓውንድ ነው። በዓመት ከ4,300 ፓውንድ በላይ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፣ ለአንድ አሮጊት የማሞቂያና የታክሲ ገንዘብ ነው። ይህን ለማግኘት ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንድ፣ አቴንዳንስ አላዋንስን ወይም የፒፕን የዕለት ኑሮ ክፍል የመሰለ ክፍያ ማግኘት። ሁለት፣ 18 ዓመት የሞላው ሌላ ሰው እዚያ ቤት አብሮ የማይኖር መሆኑ። ሦስት፣ ይህን አካል ጉዳተኛ እንከባከባለሁ ብሎ ማንም ሰው ኬረርስ አላዋንስ (ለአስታማሚ የሚከፈል) ወይም የዩኒቨርሳል ክሬዲትን (በሥራ ዕድሜ ላይ ላለ ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ድጎማ) የኬረር ክፍያ የማይቀበል መሆኑ።

ብዙ ሰው ይህ ገንዘብ መኖሩንም አያውቅም። አዲሱ ሙሉ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነው። የፔንሽን ክሬዲት መነሻ፣ ማለትም ገቢ ከዚያ ካነሰ የሚሞላበት መጠን፣ 227.10 ነው። በ3 ፓውንድ ልዩነት «ገቢዎ ያልፋል» ተብለው የተመለሱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በኋላ አቴንዳንስ አላዋንስ ሲያገኙና ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ መነሻው ከ227.10 ወደ 310 ፓውንድ ያድጋል። አቴንዳንስ አላዋንሱ ራሱ እንደ ገቢ አይቆጠርም። ስለዚህ ሌላ ገቢና የሚቆጠር ቁጠባ ከሌላቸው ወደ 80 ፓውንድ ገደማ በሳምንት ይጨመርላቸዋል፣ የቤት ኪራይና የካውንስል ታክስ እርዳታም አብሮ ይመጣል። ግን ማንም በራሱ ደውሎ አይነግራቸውም። እንደገና ማመልከት አለባቸው። አቴንዳንስ አላዋንስ የተፈቀደላቸው ቀን ፔንሽን ክሬዲትን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ለፔንሽን ሰርቪስ፣ መደወል ነው።

ታዲያ ልጅ ስታድርስ?

ሕጉ የሚጠይቀው ማን አደረ ብሎ አይደለም። እዚያ ቤት በመደበኛነት የሚኖረው ማነው ብሎ ነው። የራሷ ቤት ያላት፣ ልብሷም ደብዳቤዋም ሐኪሟም በራሷ አድራሻ የሆነ፣ የራሷን ኪራይና ካውንስል ታክስ የምትከፍል ልጅ እናቷን ለመርዳት ስትመጣ ብታድር የእናቷ ቤት ነዋሪ አትሆንም። ሕጉ ይህን ያህል ሌሊት ካደረች ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም። ወሳኙ አጠቃላይ ሁኔታው ነው። ለምን እንደምታድር ይታያል፣ ምን ያህል ጊዜ፣ የምትመለስበት ቤት አላት ወይ፣ ነገሯ ሁሉ የት ነው ያለው። በተራ የሚያድሩ ልጆች ሲሆኑ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አክስቴ ጋ ማንም ከአንድ ቦርሳ በላይ ይዞ አይመጣም። ከካውንስል ወይም ከኤጀንሲ በፈረቃ የሚመጣ የሌሊት ኬረርም እንዲሁ ነው፤ ፈረቃው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጫማ የሚደብቁት እናት መደበቅ የለባቸውም። ልጃቸው የራሷ ቤት አላት። ቢጠየቁ «ሌሊት እየመጣች ትረዳኛለች» ማለት ነው፣ በቃ። መደበቁ ነው የሚያስጠረጥረው።

ፍርሃቱ መሠረት ያለው የት ነው? ልጅየው የራሱን ቤት ለቆ ከነሻንጣው ሲገባ ነው። ይህ ከሆነ መናገር ግዴታ ነው። ቆይቶ ከታወቀ የተከፈለው ገንዘብ ይመለስ ይባላል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚያጋጥመው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የወንድም ልጅ ከአገር ቤት ወይም በስደት ሌላ አገር አቋርጦ ይመጣል። «ለጊዜው» ተብሎ ሶፋው ላይ ይተኛል። ወራት ያልፋሉ። ሌላ ቤት የለውም፣ ደብዳቤው ሁሉ በአክስቱ አድራሻ ነው የሚመጣው። እሱ ሌሊት አክስቱን ቢረዳም ባይረዳም ነዋሪ ነው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ዘመድን በር ላይ መመለስ በእኛ ባህል የሚታሰብ አይደለም፣ እኔም መልሱ አልልም። ግን በዝምታ ከማስቀመጥ አስቀድሞ ምክር መጠየቅ ይሻላል።

የማይቆጠሩ ሰዎችም አሉ። አብሮ የሚኖረው ሰው ራሱ አቴንዳንስ አላዋንስ ወይም የፒፕን የዕለት ኑሮ ክፍል የሚያገኝ ከሆነ አይቆጠርም። ዓይነ ስውር መሆኑ የተመዘገበ ሰው አይቆጠርም። ለባለንብረቱ ለየብቻ ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች አንድ ኩሽና ቢጋሩም አብረው እንደሚኖሩ አይቆጠሩም። ፔንሽን ክሬዲት ላይ ሌላም አለ፤ ተጨማሪውን ገንዘብ አስቀድሞ የሚያገኝ ሰው ጋ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንከባከብ ብሎ ቢገባ ክፍያው እስከ 12 ሳምንት ድረስ አይነካም። አክስቴ ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸው ሥራዋን ለቅቃ ልግባ ስትል ይህን ነው የነገርኳት። ገብታ ቢሆን የማሰቢያ ጊዜ ነበራት።

ሕጉ ውስጥ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የበጎ አድራጎት ድርጅት የላከው፣ ድርጅቱ ለአገልግሎቱ የሚያስከፍልበት ኬረር ቤት ውስጥ አብሮ ቢኖር እንኳ አይቆጠርም። የራስ ልጅ ግን ያለ ምንም ክፍያ ገብታ እናቷን ብታነሳ ብታስተኛ ትቆጠራለች። በ1993 ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ከባድ አካል ጉዳት ያለባት ሴት ጉዳይ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ነበር። ደንቡ ሕጋዊ ነው ተብሎ ጸና። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ቤተሰብ አብሮ ሲኖር ወጪ ይጋራል ብለው አስበው ይሆናል። ሌሊት ሦስቴ የሚነሳ ሰው ቤት ውስጥ ግን ወጪው አይቀንስም። ማጠቢያው በየቀኑ ይዞራል፣ ማሞቂያው አይጠፋም፣ የምታስታምመው ልጅ ደግሞ ሥራዋን ትተዋለች። ይህ ደንብ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የገረመኝ ነገር ሌላ ቦታ ላይ መንግሥት ራሱ የሌሊት ኬረር ነዋሪ አለመሆኑን መቀበሉ ነው። በ2013 «የመኝታ ቤት ታክስ» የሚባለው ሲመጣ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ የካውንስልና የማኅበር ቤት ተከራዮች አንድ ትርፍ መኝታ ቤት ካላቸው ለኪራይ እርዳታ ከሚታሰበው ኪራያቸው ላይ 14 በመቶ እንዲቀነስ ተደረገ፣ ሁለት ትርፍ ካላቸው 25 በመቶ። ነገር ግን በየጊዜው እየመጣ ለሚያድር፣ እዚያ ግን ለማይኖር ኬረር አንድ ክፍል ይፈቀዳል። መጀመሪያ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ አይፈቀድም ነበር፤ ኖቬምበር 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደና በኤፕሪል 2017 ደንቡ ተስተካከለ። ከግል አከራይ የሚከራይ ጡረተኛም ይህን ተጨማሪ ክፍል መጠየቅ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ወገን «ይህ ሰው ያድራል እንጂ አይኖርም» ተብሎ ክፍል ከተፈቀደ በሌላው ወገን ያው ሰው ነዋሪ ነው ሊባል አይገባም። የክፍሉ ፈቃድ ደብዳቤ ካላችሁ አስቀምጡት።

ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ፣ የኬረርስ አላዋንሱ ነገር፣ ከማደሩ ይልቅ ብዙ ቤት ያፈረሰ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

ኬረርስ አላዋንስ በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነው። በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት መንከባከብ ይጠይቃል። ሲካፈል በሰዓት ከ2 ፓውንድ ከ40 ፔንስ በታች ነው። ልጅ ይህን ገንዘብ መቀበል ስትጀምር እናትየው 82.90 ፓውንዱን ያጣሉ። ልጅቷ እዚያ ትደር አትደር፣ ትኑር አትኑር ለውጥ የለውም። በቤተሰቡ ላይ የተጨመረው 40 ፔንስ ነው። ልጅቷ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ካለች ደግሞ ሒሳቡ የባሰ ነው። ኬረርስ አላዋንሱ ከዩኒቨርሳል ክሬዲቷ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። የሚተርፋት የኬረር ተጨማሪ በወር 201.68 ፓውንድ ነው። እናትየው የሚያጡት በወር ሲታሰብ 359 ፓውንድ ገደማ ነው። ቤተሰቡ በየወሩ ከ150 ፓውንድ በላይ ይከስራል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ስንት ቤት አለ! እናትየው «ለምን ቀነሱብኝ» ሲሉ ሁሉም «ሰው ስላደረ ነው» ብሎ ይደመድማል። ወሬው የሚነሳው ከዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሁልጊዜ አትጠይቁ ማለቴ ግን አይደለም። እናትየው ይህን ተጨማሪ ገንዘብ የማያገኙ ከሆነ ልጅቷ ኬረርስ አላዋንስ ብትጠይቅ የሚነካ ነገር የለም። ጡረታ ላይ ያለች እህት የምትንከባከብ ከሆነም ነገሩ ይለያል። ጡረታዋ ከኬረርስ አላዋንሱ ስለሚበልጥ መብቷ ይመዘገባል እንጂ ገንዘቡ አይከፈላትም። ስላልተከፈላት የታማሚዋ ገንዘብ አይነካም። እሷ ራሷ ፔንሽን ክሬዲት ካላት በሳምንት 46.40 ፓውንድ ሊጨመርላት ይችላል። ሥራዋን ቀንሳ የምታስታምም ልጅ ደግሞ ኬረርስ ክሬዲት የሚባል አለላት። ገንዘብ አይሰጥም፣ ግን በሳምንት 20 ሰዓት ለሚንከባከብ ሰው የጡረታ መዋጮው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። የእናትን ገንዘብ ፈጽሞ አይነካም። የአክስቴ ሁለተኛ ልጅ ያደረገችው ይህንን ነው።

በሥራ ዕድሜ ላይ ሆነው ብቻቸውን ለሚኖሩ ነገሩ ከብዷል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ ለብቻው ነዋሪ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። በ2018 ሁለት ሰዎች ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ሲዛወሩ በወር 178 ፓውንድ ገደማ አጥተው ከስሰው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከዚያ በኋላ ፕሪሚየሙን ይዘው ለሚዛወሩ ሰዎች መሸጋገሪያ ክፍያ ተበጀ። አዲስ ለሚያመለክት ግን የለም። ሌሊት ብቻውን የሚያድር የአርባ ዓመት አካል ጉዳተኛ ወጪው ከአክስቴ የሚያንሰው በምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ስለ ተከፋይ ኬረሮችም አንድ ነገር ልበል፣ ከእኛ ሰው በዚህ ሥራ ያለው ብዙ ነውና። ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ዌኪንግ ናይት ማለት ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ መሥራት ነው። ስሊፕ ኢን ማለት እዚያው ተኝቶ ሲጠራ መነሣት ነው። ማርች 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜንካፕ በሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ጉዳይ በስሊፕ ኢን ላይ ያለ ሠራተኛ ለተኛበት ሰዓት ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ የመጠየቅ መብት የለውም ብሎ ወሰነ። የሚቆጠረው ሥራ ለመሥራት የነቃበት ሰዓት ነው። እኔ በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ የሰው ቤት ሶፋ ላይ አንድ ጆሮ ከፍቼ ነበር የማድረው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ለሌሊቱ ቁርጥ ያለ ትንሽ ገንዘብ ይሰጠኝ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተነሣሁ የጠየቀኝ የለም። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የተነሣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ለእናንተ የደመወዝ ማስረጃ ነው። ለምትንከባከቡት ሰው ደግሞ ስሊፕ ኢን ወደ ዌኪንግ ናይት እንዲቀየርለት ካውንስሉን የሚጠይቅበት ማስረጃ ነው።

የአቴንዳንስ አላዋንስ ፎርም ለመሙላት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ፎርሙ እንዲላክላችሁ በደወላችሁበት ቀን ይቆጠርላችኋል፣ በ6 ሳምንት ውስጥ ከመለሳችሁት። በፖስታ የጠፋውን ጊዜ አታጡም። ኤጅ ዩኬና ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ ይረዳሉ። ሆስፒታል ገብተው ከ28 ቀን በላይ ከቆዩ አቴንዳንስ አላዋንሱ ይቆማል፣ ከሱ ጋር የተያያዘውም አብሮ ይነካል። ስለዚህ የገቡበትንም የወጡበትንም ቀን ማሳወቅ ነው።

ውሳኔው ካላሳመናችሁ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። እንደገና ታይቶም «አይሆንም» ከተባለ ትሪቡናል፣ ማለትም ይግባኝ ሰሚ ችሎት፣ አለ። አክስቴ እስከዚያ አልደረሱም። ሰዓቱ ተስተካክሎ፣ የደብተሩ ገጾች ኮፒ ተደርገው ሲላኩ ከፍተኛው ተፈቀደላቸው። እዚያ የምትደርሱ ካላችሁ ትሪቡናሉ አስተርጓሚ በነፃ ይመድባል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሌሊት የምታድረውን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጓት። እሷ ያየችውን በራሷ አንደበት ትናገር።